ዘይት ልተው ወይስ በምን ልተካው?

ምግብ ስሰራ ሁሌም ዘይቱን ከጠርሙሱ በቀጥታ ነው ድስቱ ላይ የማንቆረቁረው፣ ስንት ነው ብትሉኝ ደሞ "አንዲት ማንኪያ ብትሆን ነው" ነበር መልሴ። አንድ ቀን እስቲ ብዬ እንደለመድኩት ባዶ ኩባያ ውስጥ ቀዳሁና በሾርባ ማንኪያ እየሰፈርኩ አወጣሁት፣ አራት ማንኪያ ሞልቶ ትንሽ ተረፈ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ 120 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው፣ ስለዚህ የኔዋ "አንዲት ማንኪያ" 500 ካሎሪ ልትሞላ ምንም አልቀራትም። ለራሴ ብቻ የምሰራው ምግብ ላይ ነው እኮ ይሄ ሁሉ፣ ሲበላ ደሞ ዘይት የበዛበት እንኳን አይመስልም ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ፣ ዛሬ እንደወትሯችሁ ቅዱና ለኩት። የወይራ ሆነ የሱፍ ሆነ ፓልም ካሎሪው ያው ነው፣ 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ፣ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን ግን በ1 ግራም 4 ካሎሪ ናቸው። "ይሄኛው ጤናማ ዘይት ነው" ተብሎ ያለ ልክ የሚደፋው ዘይት ለልብ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ወገብ ላይ ግን እንደማንኛውም ዘይት ነው የሚቀመጠው። ሰውነት ደሞ ቅባትን ለማከማቸት ብዙም አይለፋም፣ ፕሮቲን ስትበሉ ከካሎሪው 20 እስከ 30 ፐርሰንቱ ራሱን ፕሮቲኑን ለመፍጨትና ለማቀነባበር ይወጣል፣ ቅባት ላይ ግን የሚወጣው ቢበዛ 3 ፐርሰንት ነው።

እሺ በቃ ዘይት የሚባል ነገር ልተው የሚል ካለ ደሞ እሱም አያዋጣም። ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለውን ኦሜጋ 6 እና አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባለውን ኦሜጋ 3 ሰውነታችን ራሱ መስራት አይችልም፣ ከምግብ ካልመጡ የሉም። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም ወደ ውስጥ የሚገቡት ከቅባት ጋር ነው፣ ሰላጣውን ደረቁን ከምትበሉ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጣል ብታደርጉበት በጣም ይሻላል።

አሁን የበላነው ዘይት የት እንደሚሄድ እንይ፣ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ስለሆነ። ቅባቱ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ሐሞት ይመጣና የእቃ ሳሙና ቅባት ላይ እንደሚያደርገው ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበታትነዋል፣ ከዛ ከቆሽት የሚመጣው ኢንዛይም ይቆራርጠዋል፣ የአንጀት ግድግዳ ካለፈ በኋላ መልሶ ይገጣጠምና ካይሎማይክሮን በሚባል ጥቅል ተጭኖ አብዛኛው በሊምፍ በኩል ዞሮ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ለዚህ ነው ደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት ከተበላ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ቆይቶ ጣሪያ የሚነካው፣ አንዳንዴ ለሊፒድ (ለደም ቅባት) ምርመራ ሳትበሉ ኑ የምትባሉትም በሱ ምክንያት ነው። ከምግብ በኋላ ኢንሱሊን ከፍ ስለሚል ሰውነት መጀመሪያ ስኳሩን ያቃጥላል፣ ቅባቱ ወደ መጋዘን ይገባል፣ ከመጋዘን የሚወጣው በምግብ መሀል፣ ሌሊት ስንተኛና ረዘም ያለ እንቅስቃሴ ስናደርግ ነው። የሚወጣው ከገባው ካነሰ መጋዘኑ ይሰፋል፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

የዘይቱ ዓይነት ትልቅ ልዩነት የሚያመጣው ጉበት ላይ ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል የምንለውን ኤልዲኤል ከደም ለቅሞ የሚያነሳው ጉበት ነው፣ ላዩ ላይ ለዚህ ስራ የተቀመጡ መቀበያዎች አሉት። ሳቹሬትድ ፋት የሚባለውን፣ እንደ ቅቤ የሚረጋውን የቅባት ዓይነት ስናበዛ ጉበት መቀበያዎቹን ይቀንሳል፣ የሚያነሳው ሲጠፋ ኤልዲኤል ደም ውስጥ ሲዞር ይቆያል፣ ሲቆይ የደም ስር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይጠራቀማል። ዘይት ውስጥ ኮሌስትሮል ባይኖርም ማለት ነው! ስለዚህ የአትክልት ዘይት ጠርሙስ ላይ "ከኮሌስትሮል ነፃ" ተብሎ በትልቁ የሚፃፈው ነገር አይሸውዳችሁ፣ የትኛውም የአትክልት ዘይት ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ኮሌስትሮል የለም፣ ውሃን ከስኳር ነፃ ብሎ እንደመሸጥ ነው። ማየት ያለባችሁ ከኋላ በትንሹ የተፃፈውን የሳቹሬትድ ፋት መጠን ነው።

ጠርሙስ ማገላበጥ ለሚሰለቸው ደሞ ቀላል ምልክት አለ፣ በቤት ሙቀት የሚረጋው ሳቹሬትድ የበዛበት ነው፣ ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጠው ያነሰበት። ኮኮናት ዘይት ከ80 ፐርሰንት በላይ ሳቹሬትድ ነው፣ ቅቤና ፓልም ግማሽ በግማሽ ናቸው፣ የወይራ 14፣ የአኩሪ አተር 15፣ የሱፍ 11፣ ካኖላ 7 ፐርሰንት አካባቢ። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ፋት ከቀኑ ካሎሪ ከ10 ፐርሰንት አይለፍ ነው የሚለው፣ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም መሆኑ ነው። ጠዋት አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም፣ ማታ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮኮናት ዘይት 12 ግራም፣ ይኸው 19 ደረሰ፣ ስጋውም ወተቱም አይቡም ገና አልተቆጠሩም። ኮኮናት ዘይት ስብ ያቃጥላል የሚባለው ወሬ የመጣው ኤምሲቲ ከሚባለው ዘይት ነው፣ እሱ በእርግጥ በቀጥታ ወደ ጉበት ሄዶ ቶሎ ይቃጠላል፣ ግን ኮኮናት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ነው፣ ላውሪክ ደሞ አብዛኛው በዛው እንደሌላው ቅባት በረጅሙ መንገድ ነው የሚዞረው፣ ኤልዲኤልንም ከፍ ያደርጋል። ጣዕሙን ከወደዳችሁት አልፎ አልፎ ተጠቀሙት፣ እንደ መድሃኒት በማንኪያ መጠጣቱ ግን ይቅርባችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቅቤውን ሲቀንስ ሳይሆን በምን እንደሚተካው ሲመርጥ ነው። ቅቤ ቀንሳችሁ በነጭ ዳቦና በስኳር ከሞላችሁት የልብ በሽታ ስጋቱ ያው ነው፣ ለውጥ የለም፣ "ሎው ፋት" ተብሎ ስኳር የተጨመረበት እርጎ ለምሳሌ እንደዛ ነው። በፈሳሽ ዘይት፣ በለውዝ፣ በአቮካዶ፣ በዓሳ ስትተኩት ነው ኤልዲኤል የሚወርደው። ተተካ ስንል ደሞ ተጨመረ ማለት አይደለም፣ እንደበፊቱ ቅቤውን በልቶ ላዩ ላይ ወይራ የሚያፈስ ሰው ካሎሪ ብቻ ነው የጨመረው። ኦሜጋ 3 ለማግኘት ተልባና ዋልነት ጥሩ ናቸው፣ ግን ሰውነት ከነሱ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉትን ሌሎቹን የኦሜጋ 3 ዓይነቶች የሚሰራው በጣም በትንሹ ስለሆነ ዓሳ የሚበላ ሰው እንደ ሳርዲን፣ ሰልሞንና ማከሬል ያሉትን ቅባታም ዓሳዎች በሳምንት ሁለቴ ቢበላ ይመረጣል።

ትራንስ ፋት ላይ ግን ትንሽም ብትሆን ችግር የለውም የሚባል ነገር የለም። ፈሳሽ ዘይት በከፊል ሃይድሮጅን ተጨምሮበት እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠር ነው፣ ኤልዲኤልን ይጨምራል፣ ጥሩውን ኤችዲኤል ደሞ ይቀንሳል፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው። ዴንማርክ በ2003 በህግ ገደበችው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ከምግብ ገበያ እንዲወጣ ጥሪ አቅርቧል። ብስኩት፣ ጠንካራ ማርጋሪንና የታሸጉ ኬኮች ስትገዙ የተሰራበትን ዝርዝር አንብቡ፣ "በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት" የሚል ካገኛችሁ ትራንስ ፋት ዜሮ ብሎ ቢፅፍም መልሳችሁ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም አሜሪካን ጨምሮ አንዳንድ ቦታ በአንድ ጊዜ መጠን ከ0.5 ግራም ካነሰ ዜሮ ብሎ መፃፍ ይፈቀዳል፣ ሰው ደሞ አንድ ብስኩት በልቶ አያቆምም።

የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት ኢንፍላሜሽን (የሰውነት መቆጣት) ያመጣል የሚለው የሰሞኑ ወሬ እኔን አላሳመነኝም። ሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሊኖሌይክ አሲድ ሲጨመር የኢንፍላሜሽን ምልክቶች ከፍ አላሉም። ዘይቱ ሳይሆን አጠባበሱ ነው ችግር የሚያመጣው፣ እነዚህ ዘይቶች ሙቀት ላይ ቶሎ ይበላሻሉ፣ ደጋግሞ ተጠብሶባቸው ሲጠቁር፣ ሲወፍር፣ አረፋ ሲያበዛና ገና ሳይግል መጨስ ሲጀምር አልቆላቸዋል፣ ድፉት። ለማቁላላትና ለቀላል ጥብስ ኤክስትራ ቨርጅን ወይራ ይችላል፣ ይቃጠላል የሚባለውን ያህል አይደለም፣ ብቻ እስኪጨስ አትጠብቁ።

አመጋገባችሁን ስትቀይሩ ሰርቷል አልሰራም የሚለውን በስሜት አታውቁትም። ከመጀመራችሁ በፊት ሊፒድ ፕሮፋይል ተነሱ፣ ከሁለት ሶስት ወር በኋላ ድገሙት፣ ኤልዲኤሉን ብቻ አወዳድሩ። በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ወይም በቤተሰብ ገና ሳያረጅ የልብ ህመም የያዘው ሰው ካለ ግን ዘይት በመቀየር ብቻ አይሆንምና ሐኪም ያናግራችሁ።

አስቀማመጥ ላይ አንድ ነገር፣ ዘይትን የሚያበላሹት ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው፣ የተበላሸ ዘይት የቀለም ወይም የቆየ ለውዝ ዓይነት ሽታ አለው። ብዙዎቻችን ደሞ ለመቅዳት እንዲመቸን ብለን የምናስቀምጠው ምድጃው ስር ነው፣ እዛ ካለ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት፣ ደህና ከሆነ ጥላ ያለበት ቁምሳጥን ውስጥ አስገቡት፣ ማንኪያውንም አጠገቡ።