ጀልባችሁን ለብርዱ ወራት ስታሳርፉ እነዚህን አታድርጉ

በሜሪላንዷ አናፖሊስ ጥቅምት አታላይ ወር ነው። በጋውን ሙሉ ጠፍቶ የከረመው ነፋስ ይመለሳል፣ ወበቁ ይለቅቃል፣ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ለባለሸራ ጀልባ እንዲህ የሚመችበት ሌላ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሁሉም ሰው "አንድ ቅዳሜ ብቻ" እያለ ይቆያል። ኅዳር ገብቶ አንድ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ግን በየቱቦው የቀረው ውሃ ቀጠሮ አይጠይቅም። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ እየመጡ ያረጀ ጀልባ በርካሽ የሚገዙ የአገሬ ልጆችን አልፎ አልፎ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። ጀልባው ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚሰነጠቀው ሞተር ግን ርካሽ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ደሜን የሚያፈላውን ልናገር፦ መሸፈኛውን ከድጋፍ ብረቱ ጋር ማሰር። ከውሃ የወጣ ባለሸራ ጀልባ ክብደቱ የሚያርፈው ከሆዱ በታች በወረደው ኪል ላይ ነው፤ ኪሉም በወፍራም ሞራሌ ላይ ይቀመጣል። በግራና በቀኝ የሚቆሙት ባለሦስት እግር ብረቶች ሥራቸው ጀልባው እንዳይጋደም መጠበቅ ብቻ ነው። የግራው ከቀኙ ጋር በሰንሰለት የሚያያዘው ቀስ በቀስ እየተንፏቀቁ እንዳይወጡ ነው። ባለቤቱ ሰማያዊ ላስቲክ ገዝቶ ይመጣል፣ ገመድ የሚያስርበት ፍለጋ ይዞራል፣ እጁ አጠገብ የድጋፉን እግር ያገኛል። ያስራል፣ ያጠብቃል፣ ረክቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥር ላይ የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ሲነሣ ላስቲኩን ይወጥረዋል፣ ላስቲኩ ገመዱን ይስባል፣ ገመዱ ብረቱን ይነቀንቃል፤ እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ። ብረቱ ከቦታው ሲወጣ ጀልባው ይወድቃል፤ የሚወድቀውም አጠገቡ ባለው ጀልባ ላይ ነው። ምሰሶዎቹ ካልወረዱ ደግሞ የሁለቱም ይሰበራል። ይህንን የሚከለክል ማስታወቂያ በጀልባ ማቆሚያው ግቢ ተለጥፏል፣ በፈረማችሁት ውል ላይም ተጽፏል። ሰው ግን ማስታወቂያው ሥር ቆሞ ያስራል! ገመዱን ከጀልባው ሆድ በታች አሳልፋችሁ የግራውን ከቀኙ ጋር እሰሩት። ሌላ ጥበብ የለውም። ለቀለም ቅብ ብላችሁም ብረቱን በራሳችሁ እንዳትነኩ፤ የግቢውን ሠራተኛ ጥሩ።

የፊቱን ሸራ ምሰሶውን ከፊት በሚይዘው ሽቦ ላይ እንደተጠቀለለ መተው የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። በማዕበል ጊዜ ጫፉ ትንሽ ከተፈታ ሙሉው ይዘረጋል፤ መሬት ላይ በብረት ተደግፎ የቆመ ጀልባ ደግሞ ሸራ ዘርግቶ መቆም አይችልም። አውርዱት፣ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ጨዉን አስወግዱ፣ በደንብ ሳይደርቅ አታጥፉት።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። "አንቲፍሪዝ (በረዶ የሚከላከለውን ፈሳሽ) ጨምሬያለሁ" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የትኛውን? የመኪናው አረንጓዴ ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ በጸደይ ሞተሩን ስታስነሡ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ባሕር የሚፈስ ስለሆነ ለዚህ ቦታ አይሆንም። የሚያስፈልገው ሮዙ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። በውሃ አቅጥነኸዋል? ጋሎኑ ላይ የተጻፈው ከዜሮ በታች 50 ፋራናይት የሚሠራው ላልተበረዘው ነው። ለመቆጠብ ውሃ የጨመረበት ሰው፣ ወይም በቱቦው ውስጥ የነበረውን ውሃ ሳያፈስ የሞላ ሰው፣ የገዛው ቀለም ብቻ ነው። ሞተሩ ሞቆ ነበር? በባሕር ውሃ በቀጥታ የሚቀዘቅዙ የቆዩ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም በሙቀት የሚከፈተው የውሃ በር፣ ካልሞቀ አይከፈትም። አንቲፍሪዙ በአቋራጭ ዞሮ በጭስ ማውጫው ሮዝ ሆኖ ይወጣል፣ ባለቤቱም አይቶ ይደሰታል፤ ሞኖብሎኩ (ዋናው የሞተር አካል) ውስጥ ግን ውሃው እንዳለ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ለዚያ መስፊያ ቦታ ደግሞ ብረቱ ውስጥ የለም። የመጸዳጃ ቤቱን ፓምፕ፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ የገላ መታጠቢያውን ማፍሰሻም በዚሁ ዓይን ተመልከቷቸው።

ዘይቱን በጸደይ እቀይራለሁ ማለት አይሠራም፤ ያገለገለው ዘይት እርጥበትና አሲድ ይዞ ብረቱን ሲበላ ይከርማል።

ጀልባው መሬት ላይ ሲሆን በሆዱ ያሉትን የውሃ ቫልቮች ዘግቶ መተውም ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ውስጡ የተበሳ ኳስ ያለው ቫልቭ ሲዘጋ በእምብርቱ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ያ ውሃ ሲቀዘቅዝ ቫልቩን ይሰነጥቀዋል። ክፈቱት፣ ዝጉት፣ እንደገና ክፈቱት፣ ክፍት ተዉት። ውሃ ላይ የሚከርም ጀልባ ከሆነ ተቃራኒው ነው።

ባትሪውን ባዶ አትተዉት። ሙሉ የተሞላ የእርሳስ ባትሪ በሜሪላንድ ብርድ አይቀዘቅዝም፤ የተራቆተው ግን ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ሲል በረዶ ሆኖ ሊፈነዳ ይችላል።

ቅጠል የሚናቅ ነገር ይመስላል። የኦክ ዛፍ ሥር የቆመ አንድ ጀልባ አስታውሳለሁ። ሞተሩ እንደ ደንቡ ተሠርቷል፣ ባትሪው ተሞልቷል፤ መሸፈኛ ግን አልነበረውም። ከመሪው አጠገብ ያሉትን ሁለት የውሃ መውረጃዎች ቅጠል ደፈናቸው። ዝናቡ ሞላ፣ በበሩ ጣውላዎች መካከል ወደ ውስጥ ዘለቀ፣ ከወለሉ በላይ ወጥቶ በረዶ ሆነ። አልጋው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። በጥር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ያየው ሰው ቢኖር በእጅ ተጠርጎ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ይህን የሰሙ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው ጀልባውን እንደ ቆርቆሮ ምግብ ያሽጉታል። አየር የማያገኝ ጀልባ ይሻግታል። መሸፈኛው መተንፈሻ ይኑረው፣ ፍራሾቹን በጎናቸው አቁሟቸው፣ የመሳቢያዎቹን በሮች ክፍት አድርጉ።

መጋቢት ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ የአናፖሊስ የጀልባ ሠራተኞች ካልሲያቸውን በእሳት ያቃጥላሉ፤ የቆየ ልማዳችን ነው፣ እስከ መኸር ድረስ ባዶ እግር ነው የምንውለው። ከዚያ በኋላ ነው የመጨረሻው ስህተት ዋጋ የሚያስከፍለው፦ በመኸር የነቀላችሁትን የውሃ ጎማና የከፈታችሁትን ቫልቭ አለመጻፍ። ማንም ሰው በኅዳር ያደረገውን በሚያዝያ አያስታውስም። ክሬኑ ወደ ውሃ ካወረደው በኋላ ከሆዱ ውስጥ የውሃ ድምፅ የተሰማበት ጀልባ አለ። የክሬኑ ሠራተኛ ቀበቶዎቹን ገና ስላልፈታ መልሶ አነሣው፤ ባለቤቱ ያኔ ቡና ለመግዛት ሄዶ ነበር። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፋችሁ በሞተሩ ቁልፍ ላይ እሰሩት፤ ስልካችሁ ውስጥ ሳይሆን ቁልፉ ላይ።