ልጅዎ የጭንቅላት ኤምአርአይ ከመነሣቱ በፊት በቤት የሚደረግ ዝግጅት

ሐኪሙ የጭንቅላት ምርመራ ሲያዝ አስቀድመው ሲቲ ስካን ይሁን ኤምአርአይ ይጠይቁ። ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር የሚሠራና በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሲሆን፣ ኤምአርአይ ግን ያለ ጨረር፣ በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራና ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ የሚፈጅ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጁ ጭንቅላቱን ሳያነቃንቅ መተኛት ስላለበት፣ ዋናው የወላጅ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለልጁ እውነቱን ይንገሩት። መሣሪያው ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ዋሻ እንደሚመስል፣ ደጋግሞ በኃይል እንደሚያንኳኳ፣ ጆሮውን የሚሸፍኑለት ነገር እንደሚሰጡትና መሣሪያው እንደማያሳምመው ያስረዱት። ከዚያ ከጠረጴዛ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው በጀርባው ያስተኙት፤ የመሣሪያውን ድምፅ በስልክ እያሰሙ፣ መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ፣ በየቀኑም እየጨመሩ ሳይንቀሳቀስ መቆየትን ያለማምዱት። «ካስቸገርክ መርፌ ትወጋለህ» የሚለውን ማስፈራሪያ ግን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥር መስጠት ካስፈለገ ልጁ መርፌውን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል።

ሕፃናትና ተረጋግተው መተኛት የማይችሉ ልጆች የሚያስተኛ መድኃኒት ወይም ማደንዘዣ ይሰጣቸዋል፤ ለዚህም ሆዳቸው ባዶ መሆን አለበት። በተለምዶ ምግብና የላም ወይም የዱቄት ወተት መድኃኒቱ ከመሰጠቱ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ የእናት ጡት ደግሞ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ የውኃውን ሰዓት ሐኪም ቤቱ ይነግርዎታል። ምክንያቱ ከባድ ነው፤ በሆድ የቀረ ምግብ ልጁ በተኛበት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ «አንጀቴን በላው» ብላ ወተት የምታቀምሰውን አያት ጨምሮ ለቤተሰቡ ሁሉ ከዋዜማው ይንገሩ። አንዲት ጉርሻ እንኳ ብትሆን ከመደበቅ ተናግሮ ቀጠሮ ማዛወር ይሻላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በራስዎ አያቋርጡ፤ የዚያን ቀን እንዴት እንደሚወስድ ሐኪሙን ይጠይቁ። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ከያዘውም አስቀድመው ያሳውቁ።

ማግኔቱ ብረት ይስባል። የጆሮ ጉትቻ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ መርፌ ቁልፍና በማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀል ቤት ይቅሩ፤ ክሩ ብቻውን ችግር የለውም። በጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ ማስተላለፊያ ቱቦ ወይም በጆሮው የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ካለ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ፤ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትና የቀድሞ ፊልሞችን ይያዙ። አብረውት የሚገቡ ከሆነ የእርስዎም ኪስ ይፈተሻል።

ተኝቶ ከተነሣ በኋላ ባለሙያዎቹ እስኪፈቅዱ ምንም አያብሉት፤ ወደ ቤት ሲሄዱም አንገቱ እንዳይዘነበል ከጎኑ ሆኖ የሚደግፈው ሌላ ሰው ይኑር።