ልጅ የሞተበት ወላጅ ሲስቅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምጽፈው እንደ አባት ነው፣ ልጃችን ሲሞት አራት ዓመቱ ነበር። ሰው ለሚያለቅስ ወላጅ ምን እንደሚል ትንሽም ቢሆን አያጣውም፣ ወላጁ ሲስቅ ግን ሁሉም ግራ ይገባዋል።

1. "ከሳቁማ ረስተውታል" ማለት

የኛ ልጅ ድብብቆሽ ሲጫወት ከተደበቀበት ሆኖ "አልጋ ስር አይደለሁም!" እያለ ነበር የሚጮኸው። ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ሪሞት ጠፍቶን ቤቱን ስናምስ ባለቤቴ ድንገት በሱ ድምፅ "አልጋ ስር አይደለሁም" አለች፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ ከዛ ደሞ ተመልሶ ሳቅ፣ ሊጠይቁን የመጡት ሰውዬ አይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ፣ ሳያብዱ አይቀሩም ብለው ይሆናል። ኬልትነርና ቦናኖ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት የትዳር አጋራቸው የሞተባቸው ሰዎች ስለሟቹ ሲያወሩ ከልባቸው የሳቁት ጭንቀታቸው ቀለል ያለ ሆኖ ነው የተገኘው። ልጅ ላይ የተደረገ ጥናት አይደለም፣ ግን ሳቅ የመርሳት ምልክት ነው ለሚል ሰው በቂ መልስ ይመስለኛል።

2. ቀልዱን ራስ መጀመር

እኛ ከቀለድን አብራችሁ ሳቁ። እናንተ ግን አትጀምሩት፣ በቃ።

3. "ልጅ ትወልዳላችሁ፣ ገና ወጣት ናችሁ"

ልጅ በልጅ አይተካም። "እንኳን ሌላ ልጅ ኖራችሁ" የሚለውም ያው ነው።

4. ስሙን መዝለል

ብዙ ሰው እንዳላስታውሳቸው ብሎ ስሙን አይጠራም፣ እኛ ግን መቼ ረስተነው ነው የምታስታውሱን? ይልቅ እኛ የማናውቀው አንድ ጥፋቱ ትዝ ካላችሁ፣ አስተማሪውም ሁኑ ጎረቤት፣ ንገሩን። እኛ ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር የምንሰማው ከናንተ ብቻ ነው።

5. ሀዘንን በደረጃ መቁጠር

"አሁን ንዴት ላይ ነህ፣ ቀጥሎ መቀበል ይመጣል" የሚሉ አሉ። አምስቱን የሀዘን ደረጃዎች የሚባሉትን ኩብለር ሮስ የምትባል የአእምሮ ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣቻቸው ራሳቸው ሊሞቱ ከተቃረቡ ታማሚዎች ጋር አውርታ ነው። ለኔ የሚመስለኝ ስትሮቤና ሹት የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሉት ነው፣ ሀዘንተኛ አንዴ ወደ ሀዘኑ አንዴ ወደ ኑሮው እየተመላለሰ ነው የሚኖረው፣ ጠዋት ፎቶ አቅፎ ያለቀሰ ሰው ከሰዓት በሆነ ነገር ቢስቅ አስመሳይ አይደለም።

6. የባልና ሚስትን ሀዘን መመዘን

አንዱ ያለቅሳል ሌላው ይቀልዳል፣ የሚቀልደው ጨካኝ ይባላል። እሱም ሻወር ውስጥ ውሃውን ከፍቶ ሲያለቅስ ማን አየው?

7. ለወንድም ለእህት "ተኝቷል" ማለት

ትንሽ ልጅ እንቅልፍ ሊፈራ ይችላል፣ ሞቷል ብሎ በቀላል ቋንቋ መንገር ይሻላል። አልቅሶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኳስ ቢጠይቅ ደሞ አትቆጡት፣ ልጅ እንደዛ ነው የሚያዝነው።

8. ቀልድ ሁሉ ጤና ነው ብሎ መተው

ሰውዬው ቀኑን ሙሉ እያሳቀ ማታ ማታ የሚጠጣ ከሆነ፣ ወይ ከዓመት በላይ አልፎም የየቀኑን ኑሮ መኖር ካቃተው ባለሙያ ያስፈልገዋል። "እኔም ልከተለው" ካለ ግን፣ እየቀለደ ቢሆን እንኳ፣ ዓመት አይጠበቅም፣ ብቻውን ሳትተዉት በዛው ቀን ሀኪም ጋር ውሰዱት።