ሕክምና ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲመጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሕክምናንና እንክብካቤን ወደ ቤትና ወደ ሰፈር ማምጣት ጥሩ ሐሳብ ነው። አረጋውያን አልጋ ይዘው በቆዩ ቁጥር ጡንቻቸው ይደክማል፤ ሆስፒታል ውስጥ ሌላ ኢንፌክሽን ሊይዛቸውም ይችላል። አሠራሩ ከተበላሸ ግን ዕዳውን የሚከፍለው በሽተኛው ነው።

አልጋውን ቀድሞ መዝጋት

የሰፈሩ አገልግሎት ሳይቆም የሆስፒታሉን አልጋ መዝጋት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 በፈረሙት ሕግ፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሕሙማን በየአካባቢያቸው በሚከፈቱ ማዕከላት እንዲታከሙ ታቅዶ ነበር። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ባዶ ሆኑ። ማዕከላቱ ግን ከታቀዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ተሠሩ፤ ዘላቂ በጀትም አልነበራቸውም። ብዙ ሕሙማን ጎዳና ላይ ወደቁ፤ እስር ቤት የገቡም ብዙ ናቸው። በጣሊያኗ ትሪየስቴ ዶክተር ፍራንኮ ባዛሊያና ባልደረቦቹ በሌላ መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በከተማው ማዕከላት ከፈቱ፤ የአእምሮ ሆስፒታሉ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።

ቶሎ ቁጠባ መጠበቅ

አዲሱ አገልግሎት በእግሩ እስኪቆም አሮጌውም መቀጠል አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ወጪው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይህን ያልተናገረ ዕቅድ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቤተሰብን እንደ ነጻ ሠራተኛ መቁጠር

«ቤት አስታማሚ አላቸው» ተብሎ ይጻፍና ነገሩ ያልቃል። አስታማሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናት። ሥራዋን ትተዋለች። ሌሊት ትነሳለች። በሽተኛውን ስታገላብጥ ወገቧ ይጎዳል። ትችይዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን የለም። በሽተኛው ከመውጣቱ በፊት እንዴት እንደሚነሳ፣ ቁስሉ እንዴት እንደሚጸዳ ያሳዩዋት። ሌሊት ሲጨንቃት የምትደውልበት ቁጥር ይስጧት። አልፎ አልፎ እሷን ተክቶ የሚያሳርፋት ሰው ይመደብ። ይሄ ውለታ አይደለም፤ የእንክብካቤው አካል ነው።

ሕክምናንና ማህበራዊ ድጋፍን መነጣጠል

ሐኪሙ «አሁን መውጣት ይችላሉ» ይላል። ቤት ግን የሚያጥባቸውና ምግብ የሚያቀርብላቸው የለም። ስለዚህ ሳይታመሙ ሆስፒታል አልጋ ላይ ይቆያሉ። የሕክምናው በጀት በአንድ ቢሮ፣ የድጋፉ በሌላ ሲሆን ሁለቱም ጉዳዩን ወደ ሌላው ይገፋሉ። የመውጫ ዕቅዱ በገቡበት ቀን ይጀመር፤ ሁለቱም ወገኖች አንድ ላይ ይቀመጡ።

ሥራን በደቂቃ መለካት

በየቀኑ የተለያየ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ቢል ለውጡን ማን ያስተውላል? በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ቢዩርትዞርግ የተባለ የቤት ለቤት ነርሶች ድርጅት ቢበዛ 12 ነርሶች ያሉባቸው ቡድኖች ያሰማራል። ፕሮግራማቸውን ራሳቸው ያወጣሉ፤ በሽተኛውንም በስም ያውቁታል።

የመድኃኒት ዝርዝሩን አለማስተላለፍ

ሆስፒታሉ አንዱን መድኃኒት አቁሞ ሌላ ያዝዛል። ቤት ደግሞ የድሮው አለ። በሽተኛው ሁለቱንም ይውጣል። የቆመው፣ የተጀመረውና መጠኑ የተለወጠው በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ለቤተሰቡም ለሚከታተለው ነርስም በዚያው ቀን ይድረስ።