በኮድ ቃለ መጠይቅ ላይ እያሰቡ መናገርን እንዴት መለማመድ ይቻላል?

ለሶፍትዌር ኢንጂነርነት ሥራ የሚያመለክት ሰው ብዙውን ጊዜ አጭር የስልክ ውይይት፣ የኮድ ፈተና፣ የሲስተም ዲዛይን (የአንድን ትልቅ ሶፍትዌር አወቃቀር የማቀድ) ጥያቄና ስለ ቀድሞ ሥራው የሚደረግ ንግግር ይጠብቁታል። ከእነዚህ ውስጥ ብቁ ሰዎችን ጭምር የሚጥለው የኮድ ፈተናው ነው፤ የሚወድቁበት ምክንያት ግን ሁልጊዜ የእውቀት ማነስ አይደለም። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት 48 ተማሪዎችን ፈትነው ነበር፤ ጠያቂ ፊት ቆመው በሰሌዳ ላይ የጻፉት፣ ለብቻቸው ከሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ ውጤታቸው በግማሽ ያህል ዝቅ አለ። በእኔ አመለካከት ይህ የፈተናው ጉድለት ነው፤ ሆኖም ፈተናው እስኪለወጥ ድረስ አመልካቹ ሰው እያየው መሥራትን መለማመድ ይኖርበታል።

በመጀመሪያ መረጃ የሚደራጅባቸውን መዋቅሮች፣ ማለትም አሬይን (በተራ የተቀመጠ ዝርዝር)፣ ሃሽ ቴብልን (የተመዘገበን ነገር በፍጥነት ለማግኘት የሚያስችል ሰንጠረዥ)፣ ትሪን (እንደ ዛፍ የሚከፋፈል መዋቅር) እና ግራፍን (እርስ በርስ የተያያዙ ነጥቦች) በሚገባ በሚያውቁት አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያለ ማጣቀሻ መጻፍ እስኪችሉ ድረስ ይሥሩ። ለፈተናው ሲባል አዲስ ቋንቋ መጀመር አይመከርም።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ መለማመጃ 45 ደቂቃ መድበው፣ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እየተናገሩ ይፍቱ፤ የሚያዳምጥና የሚጠይቅ ባልደረባ ቢኖር ይመረጣል። ከቀጠሮው በፊትም ኮዱ የሚጻፈው በሰሌዳ ላይ ይሁን በኮምፒውተር፣ እዚያው ማስኬድ ይፈቀድ አይፈቀድ አስቀድመው ይጠይቁ።

በፈተናው ሰዓት ኮድ ለመጻፍ አይቸኩሉ። ለምሳሌ ከቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ድምራቸው 6 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮችን እንዲያገኙ ቢጠየቁ፣ ዝርዝሩ በቅደም ተከተል የተደረደረ መሆኑን፣ ባዶ ሊሆን መቻሉንና ቁጥሮች ሊደጋገሙ መቻላቸውን በቅድሚያ ያጣሩ። ከዚያ ቀላሉን መንገድ፣ ማለትም ሁሉንም ጥንዶች መሞከርን ይግለጹ፤ ዝርዝሩ 10,000 ቁጥሮች ቢኖሩት ጥንዶቹ ወደ 50 ሚሊዮን እንደሚጠጉም ይናገሩ። የተሻለው መንገድ ያለፉትን ቁጥሮች በሃሽ ቴብል እየመዘገቡ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥርም ድምሩን 6 የሚያደርገውን ጥንዱን እዚያው እየፈለጉ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ብቻ ማለፍ ሲሆን፣ ለፍጥነቱ የሚከፈለው ተጨማሪ ሜሞሪ መሆኑን መጥቀስ ተገቢ ነው።

ጽፈው ሲጨርሱ በትንሽ ምሳሌ መስመር በመስመር ይከታተሉት። በዚህ ጥያቄ ላይ ጥንዱን ከመፈለጉ በፊት ቁጥሩን የመዘገበ ሰው፣ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ 3 ብቻ እያለ 3ን ከራሱ ጋር ደምሮ 6 አገኘሁ ይላል። ስሕተቱን ጠያቂው ሳይጠቁም ራስዎ ማግኘትዎ ትልቅ ዋጋ አለው።

ሐሳብዎ ከቆመ ዝም ከማለት «አንድ ደቂቃ ላስብበት» ማለት ይሻላል፤ ጠያቂው ፍንጭ ሲሰጥም አይከራከሩ፤ ፍንጩን በራስዎ አነጋገር መልሰው ይግለጹና ተከትለው ይሥሩ።

ከፈተናው በኋላ ጥያቄውን በዚያው ቀን በማስታወሻ ጽፈው፣ ያደናቀፈዎትን ክፍል ያለ ሰዓት ገደብ እንደገና ይሥሩት።