የመንግሥትን የኢኮኖሚ ፖሊሲ በመልካም አስተዳደር ሚዛን እንዴት እንመዝን?

"የመንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ከተጀመረ ሲጨቃጨቁ መዋል ነው፣ ማንም ማንንም አያሳምንም። አንድ ፖሊሲ ምረጡና እሱን ብቻ ከአዲስ አበባ እስከ ቀበሌ ተከተሉት። ለሰሜን ሸዋ ሰው እኔ የማዳበሪያን ጉዳይ እመርጣለሁ፤ ጅሩ ላይ ስንዴና ጤፍ የሚያመርተውም፣ መንዝ ላይ ገብስ የሚዘራውም ከፖሊሲ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እዚያ ላይ ነውና።

መጀመሪያ የተገባውን ቃል ያዙ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ማዳበሪያ በዶላር ስለሚገዛ መንግሥት እደጉማለሁ አለ። የሚመዘን ቃል ማለት ይሄ ነው። ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው ጻፉት።

ውጤቱን ስትለኩ በብር ብቻ አትለኩ፣ የብር አቅም ሲወርድ ቁጥሩ ያሳስታል። ይልቅ ይሄን ጠይቁ፦ ገበሬው አንድ ኩንታል ዩሪያ ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ኩንታል ስንዴ መሸጥ አለበት? አምናስ ስንት ነበር? የስንዴውን ዋጋ ደግሞ ምርት ገብቶ ገበሬው በሚሸጥበት በጥር አካባቢ ውሰዱ። ነሐሴ ላይ ዋጋው ቢወደድም ብዙው ገበሬ ያኔ ሸማች ነው። ማዳበሪያው መቼ እንደደረሰም ጠይቁ። ሰኔ ላይ ለዘር የደረሰውም፣ መስከረም ላይ የመጣውም ሪፖርት ላይ እኩል "ተሰራጭቷል" ተብሎ ይጻፋል። ስንዴ ለሚዘራ ሰው ግን የመስከረሙ እንዳልመጣ ነው።

ከዚያ ወደ አሠራሩ። በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሱት የመልካም አስተዳደር መመዘኛዎች 8 ናቸው፦ አሳታፊነት፣ የሕግ የበላይነት፣ ግልጽነት፣ ምላሽ ሰጪነት፣ የጋራ መግባባት፣ ፍትሐዊነት፣ ውጤታማነትና ተጠያቂነት። ሁሉንም ወደ ቀበሌ ጥያቄ ቀይሯቸው። ዋጋውና ኮታው ተለጥፏል ወይስ በወሬ ነው የሰማችሁት? እማወራዋና መሬት ተጋዝቶ የሚያርሰው ወጣት ደርሷቸዋል? ባይደርስ በስሙ የሚጠየቅ ኃላፊ አለ? ይሄ የውለታ ጉዳይ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰባችሁን በሚነካ ፖሊሲ ላይ ሐሳብ እንድትሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል።

ውጤትና አሠራርን አትደባልቁ። ማዳበሪያው በጊዜ ደርሶ እደላው በትውውቅ ከሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ጻፉ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። በጸጥታ ችግር መንገድ ተዘግቶ የዘገየውንም ከፖሊሲው ጉድለት ለዩት። ፍትሐዊ መሆን የኛም ግዴታ ነው። ግን መንገዱ እንደሚዘጋ እየታወቀ ቀድሞ ለማስገባት ታስቦ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማስረጃ ከየት? የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በጀቱን ያውቃል፣ ግብርናው የስርጭቱን መዝገብ ይይዛል፣ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ከሁሉም በላይ ግን አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። በቃል አትጠይቁ። በጽሑፍ አስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ (ቀሪ) ላይ ማህተምና ቀን አስመቱ። መልስ ካጣችሁ ያንን ቀሪ ይዛችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ፣ ዝምታውንም በግልጽነት ሥር መዝግቡት።