አለርጂ ላለበት ልጅ ምግብ መሥራት፦ ከወፍጮ ቤት እስከ ጉርሻ

ልጁ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ለውዝ ወይም ሰሊጥ እንደማይስማማው በሐኪም ሲረጋገጥ ብዙ ቤት መጀመሪያ የሚለየው ድስቱን ነው። ድስትስ በሳሙና ታጥቦ ይጠራል። የሚያስቸግረው ከድስቱ በፊት ያለው ነው፤ ወፍጮው፣ ዘይቱ፣ እርሾው፣ ማሰሻው። ጎንደር ላይ ደግሞ የመተማና የቋራ ሰሊጥ ቅርብ ስለሆነ እህል መሸጫውም ዘይት መጭመቂያውም ውስጥ አይጠፋም።

ጤፍ በራሱ የስንዴ ፕሮቲን የለውም። ተፈጭቶ የሚሸጠው ግን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ስለዚህ እህሉን ገዝታችሁ ቤት አበጥሩ፣ ንፉ። ወፍጮ ቤት ጠዋት ሰው ሳይበዛ ድረሱና ቀድሞ ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ከእናንተ እህል መጀመሪያ የሚወጣውን 2 ኪሎ ያህል ለብቻው ተቀብላችሁ ለአዋቂ አድርጉት፤ ወፍጮው ውስጥ የቀረውን የሌላ ሰው ዱቄት ጠርጎ የሚወጣው እሱ ነው። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በጥቂቱ ለሚነሳበት ልጅ በፍሬው የሚበስል ነገር ይሻላል። የፎገራ ሩዝ ተለቅሞና ታጥቦ ይቀቀላል፤ ክክም እንዲሁ፤ ሽሮ ውስጥ የማይታየው ክክ ውስጥ ይታያል።

ስለ ሽሮ ካነሳን፣ ለውዝ የማይስማማው ልጅ ሁሉ ሽምብራና ምስር አይከለከልም። ሐኪም ሳያዝ ጥራጥሬን በሙሉ ማውጣት ልጁን ከማጎሳቆል በቀር ጥቅም የለውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለግብጦና ለአብሽ ነው፤ ሁለቱም ፕሮቲናቸው ከለውዝ ጋር ስለሚቀራረብ የለውዙ አለርጂ በእነሱም ሊነሳ ይችላል። አብሽ ደግሞ ቅቤ ማንጠሪያ ውስጥ ሲገባ ማንም ልብ አይለውም።

እርሾ ከጎረቤት አትዋሱ፤ የእነሱ ሊጥ ገብስ ወይም ስንዴ ነክቶት ሊሆን ይችላል። 2 ኩባያ የጤፍ ዱቄት በ3 ኩባያ ውኃ አቡክታችሁ ከድናችሁ ከ3 እስከ 5 ቀን ተዉት፤ በክረምት ይዘገያል። ከላይ የሚጠለለው ውኃ የቤታችሁ እርሾ ነው። ሮዝ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካበቀለ ከነሊጡ ድፉት፤ ከላይ ገፎ መጠቀም አይሆንም።

ማሰሻውን ማንም አይጠይቅም። ጨርቁ ላይ ያለው ጎመን ዘር ነው ወይስ ኑግ? ሰሊጥስ ገብቶበታል? ጎመን ዘር የሰናፍጭ ዘመድ ስለሆነ ሰናፍጭ ለማይስማማው ልጅ አይሆንም። በእሱ ፋንታ የሱፍ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ምጣዱን በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ እሹት፤ ዘይቱ ከበዛ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ዘይቱንም ታሽጎ የሚሸጠውን የተጣራ ግዙ። ሰፈር መጭመቂያ ኑግ፣ ሰሊጥና ለውዝ በአንድ መኪና ያልፋሉ፤ ያልተጣራ ዘይት ደግሞ ፕሮቲኑን ይዞ ይቀራል።

ወተት ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው የፍየል ወተት መስጠት ነው፤ የላም ወተት አለርጂ ያለበት አብዛኛው ልጅ በፍየሉም ይታመማል። ሁለተኛው «ቅቤው ተነጥሯል» ማለት ነው፤ ንጥር ቅቤ ውስጥም ጥቂት የወተት ፕሮቲን ይቀራል። በምትኩ ዘይት ቀምሙ፦ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ኮሰረትና በሶብላ እያንዳንዳቸው 1 የሻይ ማንኪያ፣ ኮረሪማ ግማሽ፣ እርድ ሩብ። በጣም ዝቅ ባለ እሳት 20 ደቂቃ አቆዩትና ሽንኩርቱ ወርቅማ ሲሆን አውርዱ፤ ከጠቆረ ዘይቱ ይመራል። በደንብ አጥልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በ4 ቀን ጨርሱት። ነጭ ሽንኩርት የነካው ዘይት ከፍሪጅ ውጭ ሲከርም የምግብ መመረዝ ያመጣል፤ ስለዚህ በብዛት አትሥሩ።

ዶሮ ወጥ ሲሠራ ቁሌቱ በዘይት ይጀመር። ቅቤው ሳይገባ የልጁን ድርሻ በትንሽ ድስት ቀንሱ፣ ዶሮውን እዚያው አብስሉ፤ እንቁላሉም ቅቤውም በትልቁ ድስት ይቀጥል። ከበሰለ በኋላ እንቁላሉን አውጥቶ መስጠት አይሆንም፤ ወጡን ነክቶታል። «የጾም ነው» የሚለውም ዋስትና አይደለም። ወተትና እንቁላል የለበትም፤ ሰሊጥ ፍትፍት፣ ለውዝ ያለበት ቆሎ፣ አንዳንድ ቤትም የጣና ዓሣ ግን የጾም ጊዜ ምግቦች ናቸው። ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ላይ የተጠበሰ ድንችም ዓሣ የማይስማማውን ልጅ ያሳምማል።

የእንጨት ማማሰያና ሙቀጫ ምግብ ስለሚመጥጡ የልጁ ለብቻ ይሁን፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር እሰሩበት። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ውኃ ብቻውን ወይም ሳኒታይዘር የለውዝ ፕሮቲን አያነሳም።

የቀረው ጉርሻ ነው። በጥምቀት ሰሞን ቤቱ እንግዳ ሲሞላ አንድ ትሪ ላይ ማቅረብ አይቻልም። ልጁ ቀድሞ በራሱ ሳህን ይብላና ይጥገብ። ለእንግዳውም ገና ሲቀመጡ ንገሩ፦ «እትዬ፣ እሱን አያጉርሱብን፤ ሐኪም ከልክሎታል።» ሐኪም ሲባል ቅር የሚለው ሰው ያንሳል።

ያም ሆኖ በስሕተት ቢበላና ከንፈሩ ቢያብጥ፣ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፣ ድምፁ ቢጎረንን ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ወተት አታጠጡ፣ በጣትም አታስመልሱ። ሐኪም የአድሬናሊን መርፌ አዝዞለት ከሆነ ወዲያው የጭኑን ውጫዊ ጎን ውጉት። አጋድሙት፤ መተንፈስ ካስቸገረው ግን ደገፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት እንጂ አታስኪዱት። ወዲያው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይም ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ውሰዱት። መንገድ ላይ ቢሻለውም አትመልሱት፤ ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊነሳበት ይችላል።